ሁለት ኒውሮኖች ተስማምተው ነው ወይስ ገጥሟቸው? የስፓይክ መገጣጠምን በስታቲስቲክስ መፈተሽ፣ ከሀ እስከ ፐ

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አራት ኪሎ ታክሲ መያዣው ጋ ቁሙና ሁለት ወያላ ምረጡ። አንዱ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላል፣ ሌላው «መገናኛ! መገናኛ!»። አስር ደቂቃ ብትቆጥሩ ሁለቱ እኩል አፋቸውን የከፈቱበት ጊዜ ብዙ ነው። ተነጋግረው ነው? አይደለም። የሥራ መግቢያ ሰዓት ስለሆነ ሁለቱም እረፍት የላቸውም፤ ያለ እረፍት የሚጮሁ ሁለት ሰዎች ደግሞ ሳይተዋወቁም ይገጣጠማሉ። 5 ሰዓት ላይ ተመለሱ፤ ሁለቱም ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል፣ መገጣጠሙም የለም።

እኔ ይህችን ነገር ሳላይ ነው መጀመሪያ የተሳሳትኩት። የሁለት ኒውሮኖችን (የነርቭ ሕዋሶችን) ስፓይክ ወስጄ የሰዓት ልዩነታቸውን ግራፍ ሠራሁ፤ ዜሮ ላይ እንደ ማማ የቆመ ጫፍ ወጣ። ደስ ብሎኝ ለአማካሪዬ አሳየሁት። ግራፉን አየት አደረገና «ባይተዋወቁስ ኖሮ ስንቴ ይገጣጠሙ ነበር?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚያች ጥያቄ መልስ ነው። መቁጠሩን ማንም ይቆጥራል። ሥራው ያለው «በአጋጣሚ» የምንለው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ወስኖ ከዚያ ጋር ማወዳደሩ ላይ ነው። ስታቲስቲክስ አንድ ኮርስ የወሰደና ፓይተን ትንሽ የነካካ ሰው ይከተለኛል። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

ለማያውቅ ብቻ፦ ስፓይክ ኒውሮን የሚለቃት አጭር የኤሌክትሪክ ምት ናት፤ አንድ ሚሊሰከንድ አካባቢ ትቆያለች። ለእኛ ሥራ ቅርጿ አያስፈልግም፣ የተከሰተችበት ሰዓት ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ዳታችን ለእያንዳንዱ ኒውሮን አንድ የሰዓቶች ዝርዝር ነው። በቃ።

1. ዳታ አግኙ፣ ከዚያ ጠርጥሩት

የራሳችሁ ላብራቶሪ ከሌላችሁ አትጨነቁ፣ እኔም የለኝም። የአሜሪካው ኤለን ኢንስቲትዩት ኒውሮፒክስል በሚባለው ኤሌክትሮድ ከአይጥ አንጎል የተቀዳ ዳታ በነጻ ለቋል፤ ዳንዲ በሚባለው ማከማቻም ብዙ አለ። ስፓይኮቹ ተለይተው፣ ሰዓታቸው ተጽፎ ነው የሚመጡት። ፋይሎቹ ትልልቅ ስለሆኑ ኢንተርኔት በሚረክስበት ሰዓት፣ ሌሊት አውርዱ። ወይም ጉግል ኮላብ ላይ በቀጥታ ክፈቷቸውና የምትፈልጉትን ብቻ ድራይቫችሁ ላይ አስቀምጡ፤ መብራት ሲሄድ ሁሉም ነገር አብሮ እንዳይሄድ።

ከዚያ በፊት ግን ዳታው ራሱ ሊዋሽባችሁ እንደሚችል እወቁ። ሦስት የታወቁ ውሸቶች አሉ።

የመጀመሪያው የጋራ ረብሻ ነው። እንስሳው ሲንቀሳቀስ ወይም ሲያኝክ ሁሉም ቻናል ላይ እኩል የሚወጣ ነገር አለ፤ ስፓይክ ለዪው ሶፍትዌር ደግሞ ያንን እንደ ስፓይክ ሊቆጥረው ይችላል። ሁሉም ኒውሮን በአንድ ሚሊሰከንድ ውስጥ አብሮ ከጮኸ አንጎሉ ሳይሆን ሽቦው ነው የጮኸው። የመብራት መስመርም እንዲሁ። እኛ አገር 50 ኸርዝ ነው፣ አሜሪካ 60፤ ስለዚህ ግራፋችሁ ላይ በየ20 ሚሊሰከንዱ፣ ወይም ለአሜሪካ ዳታ በየ16.7 ሚሊሰከንዱ የሚደጋገም ጉብታ ካያችሁ ነርቭ አትበሉት፣ ሶኬት ነው።

ሁለተኛው አንድን ኒውሮን ሁለት አድርጎ መቁጠር ነው። ሶፍትዌሩ የአንዱን ኒውሮን ስፓይክ ለሁለት «ኒውሮኖች» ካከፋፈለው ወይም አንዱን ስፓይክ ሁለቴ ከጻፈው ራሱን ከራሱ ጋር ታወዳድራላችሁ። ድንቅ ውጤት ይወጣል! የሁለቱ የስፓይክ ቅርጽ አንድ ዓይነት ሆኖ የተቀዱበት ቦታም አንድ ከሆነ ጥንዱን ጣሉት።

ሦስተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። አንድ ኤሌክትሮድ ላይ ሁለት ስፓይክ ተደራርቦ ሲመጣ ሶፍትዌሩ አንዱን ሊስተው ይችላል። ያኔ ዜሮ ላይ ጉብታ ሳይሆን ጉድጓድ ታያላችሁ፣ ኒውሮኖቹ «የሚሸሻሹ» ይመስላችኋል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው መገጣጠምን የሚፈትሸው በተለያየ ኤሌክትሮድ ላይ ባሉ ጥንዶች ብቻ የሆነው። እኔም ያንን እመክራለሁ።

ሌላ አንድ ነገር፦ በሁለት መሣሪያ የተቀዳ ዳታ ከሆነ ሰዓታቸው አንድ መሆኑን አረጋግጡ። እኛ 2 ሰዓት የምንለውን ፈረንጁ 8 ይለዋል፤ እሱስ ስድስት ሰዓት ስለሆነ ይታወቃል። አደገኛው የሁለት ሚሊሰከንድ ልዩነት ነው፣ ማንም አያየውም።

2. «እኩል» ስትሉ ምን ያህል እኩል?

ይህን ግራፍ ከማየታችሁ በፊት ወስኑ። 1 ሚሊሰከንድ፣ 5 ሚሊሰከንድ፣ 50 ሚሊሰከንድ፤ ሁሉም የተለያየ ጥያቄ ነው። አንዱ ሌላውን በቀጥታ የሚነካ ኒውሮን እየፈለጋችሁ ከሆነ ጥቂት ሚሊሰከንድ ነው ነገሩ። የጋራ ምንጭ ያላቸውን ከሆነ ሰፋ ይላል። ሁሉንም ስፋት ሞክሮ የሚያምረውን መምረጥ ግን ማጭበርበር ነው፣ ባታስቡትም።

እኔ ከዚህ በኋላ 5 ሚሊሰከንድን ይዤ እሄዳለሁ።

3. ክሮስ ኮሪሎግራሙን ሥሩ

ይህ የዘርፉ አሮጌ መሣሪያ ነው፤ ፐርከል፣ ገርስታይንና ሙር በ1967 ካስቀመጡት ጀምሮ ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የኒውሮን ሀን እያንዳንዱን ስፓይክ ውሰዱ። ከእሱ 100 ሚሊሰከንድ በፊትና 100 ሚሊሰከንድ በኋላ ያሉትን የኒውሮን ለ ስፓይኮች ፈልጉ። የሰዓት ልዩነቱን ጻፉ። ለሁሉም ካደረጋችሁ በኋላ ልዩነቶቹን በሂስቶግራም አስቀምጡ።

ነምፓይ ላይ ሁለቱን ዝርዝሮች በቅደም ተከተል ከደረደራችሁ ጥቂት መስመር ነው። ኤለፋንት የሚባለው የፓይተን ላይብረሪም ተዘጋጅቶ አለው፤ ግን የመጀመሪያውን በእጃችሁ ሥሩት፣ ምን እየቆጠራችሁ እንደሆነ ይገባችኋል።

ቅርጹን ማንበብ ደግሞ እንዲህ ነው። ዜሮ ላይ የተቀመጠ፣ ወደ ሁለቱም ጎን እኩል የሚወርድ ጉብታ ብዙ ጊዜ የጋራ ምንጭ ምልክት ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲመጣ ሁለቱም ወያላ እኩል ዝም እንደሚሉት። ቀጭን ሆኖ ከዜሮ አንድ ሁለት ሚሊሰከንድ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ጫፍ ደግሞ አንዱ ሌላውን በቀጥታ የሚቀሰቅስ ሊሆን ይችላል፤ ያቺ መዘግየት ምልክቱ በሁለቱ ኒውሮኖች መገናኛ (ሲናፕስ) ለማለፍ የሚፈጅበት ጊዜ ናት። በ50 እና በ100 ሚሊሰከንድ የሚለካ ሰፊ ኮረብታ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። እሱ የሚነግራችሁ ሁለቱም በአንድ ወቅት ብዙ፣ በሌላ ወቅት ትንሽ እንደሚጮሁ ብቻ ነው። የጠዋት 2 ሰዓቱ ጉዳይ።

4. የሚጠበቀውን ቁጥር አስሉ (እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው)

ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ። ኒውሮን ሀ በሰከንድ በአማካይ 20 ስፓይክ፣ ኒውሮን ለ 10 ይለቃሉ እንበል። የተቀዳው 100 ሰከንድ ነው። ጊዜውን በ5 ሚሊሰከንድ ብትከፋፍሉት 20,000 ክፍል ይወጣል። ሀ በአንድ ክፍል ውስጥ የመገኘት ዕድሉ 0.1 ገደማ ነው፣ የኒውሮን ለ ደግሞ 0.05። የማይተዋወቁ ከሆነ ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ የሚገኙበት ዕድል የሁለቱ ብዜት ነው፣ 0.005። በ20,000 ስታባዙት 100 መገጣጠም። በአጋጣሚ ብቻ 100!

አሁን ዳታው ላይ ስትቆጥሩ 150 አገኛችሁ። የሚጠበቀው 100 ሲሆን ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ የ100 ስኩዌር ሩት ያህል ነው፣ 10። ስለዚህ 150 ከሚጠበቀው አምስት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ይርቃል። ፒ ቫልዩው ከሚሊዮን አንድ በታች። ተገኘ! ይባላል፣ ቡና ይጋበዛል።

ቆይ። ሁለቱ ኒውሮኖች ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት ነበር የሚሠሩት? ግማሹን ጊዜ እንስሳው ንቁ ነበር እንበል፤ ያኔ ሀ 35፣ ለ 17.5። በቀረው ግማሽ ተኝቷል፤ ሀ 5፣ ለ 2.5። አማካዩን አስሉት፣ አሁንም 20 እና 10 ነው። የሚጠበቀውን መገጣጠም ግን እያንዳንዱን ግማሽ ለብቻ አድርጋችሁ አስሉ። በንቁው ግማሽ 10,000 ክፍል ሲባዛ በ0.175 ሲባዛ በ0.0875፣ 153 ገደማ። በተኛው ግማሽ 10,000 ሲባዛ በ0.025 ሲባዛ በ0.0125፣ 3 ገደማ። ድምሩ 156።

አያችሁ? ያገኘነው 150 በአጋጣሚ ከሚጠበቀው ያነሰ ነው። ያ አምስት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን፣ ያ ሁሉ ደስታ፣ ያ ቡና፣ ሁሉም የመጣው ሁለቱ አንድ ሰሞን ስለነቁና አንድ ሰሞን ስለተኙ ነው። የእኔ ማማም ይኸው ነበር።

ይህ የኔ ብቻ ሞኝነት አይደለም። በ1989 ጀርመን ውስጥ ግሬይ፣ ዚንገርና ባልደረቦቻቸው በድመት የእይታ ኮርቴክስ ውስጥ ተራርቀው ያሉ ሕዋሶች አብረው እንደሚወዛወዙ ካሳዩ በኋላ «አንጎል ነገሮችን የሚያያይዘው በመገጣጠም ነው» የሚለው ሐሳብ ገነነ፤ በ1990ዎቹ ውስጥም ስንቱ መገጣጠም እውነተኛ፣ ስንቱ የፍጥነት መዋዠቅ ነው በሚል ሰዎች ክፉኛ ተከራከሩ። በ1999 ካርሎስ ብሮዲ ምንም ሲንክሮኒ (እውነተኛ የሰዓት መገጣጠም) ሳይኖር ኮሪሎግራም ላይ ሹል ጫፍ ሊወጣ እንደሚችል አሳየ። ከሚቀጥሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ናቸው።

5. ሙከራ መደጋገሚያ ካለ፣ አዟዙሩ

ሙከራው ብዙ ጊዜ የተደገመ ከሆነ፣ ለምሳሌ አንድ ምስል ለአይጧ 50 ጊዜ ታይቶ ከሆነ፣ ርካሽ ዘዴ አለ። የሀን 1ኛ ሙከራ ከለ 2ኛ ሙከራ ጋር አጣምሩ፣ የሀን 2ኛ ከለ 3ኛ ጋር፣ እንዲህ እያለ፤ የመጨረሻውን ከለ 1ኛ ጋር። ኮሪሎግራሙን እንደገና ሥሩ። በተለያየ ቀን የቆሙ ወያላዎችን እንደማወዳደር ነው፤ የዛሬው ፒያሳና የትናንቱ መገናኛ ሊሰማሙ አይችሉም። አሁንም ጉብታ ከወጣ ያ ጉብታ የሰዓቱ እንጂ የስምምነት አይደለም። ከመጀመሪያው ላይ ቀንሱት፣ የቀረውን ተመልከቱ።

ግን ይህ ዘዴ አንድ ቀዳዳ አለው፤ ብሮዲም ያሳየው ይኸንኑ ነው። ዛሬ ዓመት በዓል ሆኖ ሁለቱም ወያላ ከወትሮው በላይ ቢጮሁ የትናንቱ አያውቅም። አይጧ በ7ኛው ሙከራ ንቁ፣ በ8ኛው ድብርት ውስጥ ከሆነች በማዟዟር የሚገኘው የሚጠበቅ ቁጥር ከእውነቱ ያነሰ ይሆናል፤ እናንተም የሌለ ሲንክሮኒ ታገኛላችሁ። ስለዚህ ይህን ለመጀመሪያ እይታ ተጠቀሙበት፣ ለፍርድ አትጠቀሙበት።

6. ጂተር፦ እኔ የምተማመንበት

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ወያላዎቹ በእርግጥ ይደማመጣሉ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ የእያንዳንዱን ጩኸት ሰዓት ትንሽ አንቀጥቅጡት። ጠዋት የተጮኸው ጠዋት ይቆይ፣ ከሰዓት የተጮኸው ከሰዓት ይቆይ፤ ዝርዝር ሰዓቱ ብቻ ይናወጥ። እውነተኛ መደማመጥ ካለ በዚህ ይፈርሳል። የሰዓቱ ግርግር ብቻ ከሆነ ምንም አይለወጥም።

በተግባር፦

ጊዜውን በሙሉ በ25 ሚሊሰከንድ መስኮቶች ክፈሉት። ኒውሮን ሀን ብቻ ነክታችሁ ኒውሮን ለን አትንኩት፣ አንዱ ይበቃል። እያንዳንዱን የሀ ስፓይክ ካለበት መስኮት ሳታስወጡ በዘፈቀደ ሌላ ቦታ አስቀምጡት። በመስኮቱ ውስጥ 3 ስፓይክ ከነበረ አሁንም 3 ነው፣ ቦታቸው ብቻ ተቀይሯል። አሁን መገጣጠሙን ቁጠሩና ቁጥሩን ጻፉ። ይህን 1000 ጊዜ ድገሙት። ኮላብ ላይ ለአንድ ጥንድ ብዙም አያስጠብቃችሁም።

አሁን እጃችሁ ላይ 1000 ቁጥር አለ፤ «በ25 ሚሊሰከንድ ውስጥ ያለው ዝርዝር ሰዓት ትርጉም ባይኖረው ኖሮ» የሚገኙ 1000 መገጣጠሞች። የእናንተ 150 ከእነሱ መካከል የት ይወድቃል? ከ1000ው ውስጥ 700ው 150 ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ነገሩ አበቃ፣ ሂዱና ሌላ ጥንድ ፈልጉ። 3 ብቻ ከሆኑ ደግሞ ወንበራችሁን ጠጋ አድርጉ።

ፒ ቫልዩውን ስታሰሉ አንድ ጨምሩ፦ 3 ሲደመር 1፣ ሲካፈል ለ1001። አንዱን የምንጨምረው የራሳችሁን ዳታ ራሱን እንደ አንዱ ዕድል ለመቁጠር ነው። ካልጨመራችሁ «ፒ እኩል ይሆናል ዜሮ» የሚል ነገር ትጽፋላችሁ፣ ይህ ደግሞ ያሳፍራል።

የመስኮቱ ስፋት እዚህ ሁሉን ነገር ይወስናል። 25 ሚሊሰከንድ ስትመርጡ የምትሉት «ከ25 ሚሊሰከንድ የዘገየ ማንኛውም የፍጥነት ለውጥ ይፈቀዳል፣ እኔ የምፈልገው ከዚያ የፈጠነውን ነው» ነው። መስኮቱ ከመገጣጠሚያ ስፋታችሁ ጋር እኩል ከሆነ፣ 5 በ5፣ ምንም ነገር አታገኙም፤ ብታናውጡትም ምንም ስለማይፈርስ። 500 ካደረጋችሁት ደግሞ ወደ ደረጃ 4 ስህተት ተመለሳችሁ። ከመገጣጠሚያው አራት አምስት እጥፍ ጥሩ መነሻ ነው። ባለ 20፣ 25፣ 50 ሠርታችሁ ሦስቱንም ሪፖርት ብታደርጉ የተሻለ፤ አንዱን ደብቃችሁ አትምረጡ።

ጉድለቱንም ልናገር። ኒውሮን ስፓይክ ከለቀቀ በኋላ ለአንድ ሁለት ሚሊሰከንድ ሌላ መልቀቅ አይችልም። ጂተር ግን ሁለት ስፓይክን በግማሽ ሚሊሰከንድ ልዩነት ሊያስቀምጥ ይችላል፣ ስለዚህ ምትክ ዳታው ከእውነተኛ ኒውሮን ጋር ትንሽ ላይመሳሰል ይችላል። በተለይ በአንድ ትንፋሽ ሦስት አራት ስፓይክ የሚለቁ ኒውሮኖች ላይ ይህ ያስቸግራል። መፍትሔው ስፓይኮቹን ለየብቻ ከማናወጥ ይልቅ የሙከራውን ሙሉ የስፓይክ ዝርዝር በአንድነት ጥቂት ሚሊሰከንድ ወደፊት ወይም ወደኋላ መግፋት ነው፤ እያንዳንዱን ሙከራ በተለያየ መጠን። የውስጥ ቅደም ተከተሉ አይነካም፣ ከሌላው ኒውሮን ጋር ያለው ግንኙነት ብቻ ይፈርሳል። ሁለቱንም ሠርታችሁ ከተስማሙ በሰላም ተኙ።

ስለ ቆጠራው ደግሞ፦ በክፍል መቁጠር ድንበር ላይ ይሸውዳል። 4.8 ላይ ያለ ስፓይክና 5.2 ላይ ያለ ስፓይክ በ0.4 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው የሚለያዩት፤ ግን ሁለት የተለያየ ክፍል ውስጥ ስለወደቁ አይቆጠሩም። በ0.1 እና በ4.9 ያሉት ግን ይቆጠራሉ! ስለዚህ «ከእያንዳንዱ የሀ ስፓይክ በሁለቱም ጎን 2.5 ሚሊሰከንድ ውስጥ የኒውሮን ለ ስፓይክ አለ ወይ?» ብላችሁ ቁጠሩ። እኔ ከላይ በክፍል ያሰላሁት በወረቀት ስለሚቀል ነው።

7. ጥንዶቹ ሲበዙ

አንድ ጥንድ ቀላል ነው። 100 ኒውሮን ካላችሁ ግን 4950 ጥንድ አለ። ማንም ከማንም ጋር ባይተዋወቅ እንኳ በ0.05 መስፈርት 247 ያህል ጥንዶች «ተገናኝተዋል» ይላችኋል። የሚያምር የኔትወርክ ስዕል ይወጣል፣ ባለ ብዙ መስመር፣ ሙሉው ውሸት።

መስፈርቱን በምርመራዎቹ ብዛት የሚያጠብቀውን ቦንፌሮኒን ከተጠቀማችሁ 0.05ን ለ4950 ታካፍላላችሁ፤ 0.00001 ገደማ። ግን በ1000 ጂተር ልታገኙት የምትችሉት ትንሹ ፒ ቫልዩ 1 ለ1001 ነው፣ 0.001! ማለትም ውጤቱ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ማንም ጥንድ ሊያልፍ አይችልም። ይህን ሳላውቅ ሁለት ሌሊት ኮምፒውተር አስሮጥኩና በሦስተኛው ቀን ባዶ ሠንጠረዥ ሳይ ኮዱ ተበላሽቷል ብዬ ሌላ ሁለት ቀን ፈለግኩ። ለቦንፌሮኒ 100,000 ያህል ጂተር ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚመርጠው የቤንጃሚኒና ሆክበርግን የ1995 ዘዴ ነው። ፒ ቫልዩዎቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩ። ለእያንዳንዱ ተራ ቁጥሩን ለ4950 አካፍሉና በ0.05 አባዙ። ፒ ቫልዩው ከዚህ ቁጥር የማይበልጥበትን የመጨረሻውን ተራ ፈልጉ፤ እሱና ከእሱ በላይ የተደረደሩት ያልፋሉ። እንዲህ ስታደርጉ ካለፉት ውስጥ በአማካይ ከ5 በመቶ የማይበልጠው ውሸት እንደሚሆን ተቀብላችሁ ነው። እዚህም ጂተሩን ቢያንስ 10,000 አድርጉት።

8. ምን ያህል ጠንካራ ነው?

ፒ ቫልዩ «አለ ወይስ የለም» ነው የሚነግራችሁ። መጠኑን ለመናገር ተራ ኮሪሌሽን አትጠቀሙ፤ የስፓይክ ፍጥነት ሲጨምር እሱም አብሮ ይጨምራል። ዴ ላ ሮቻና ባልደረቦቹ በ2007 ይህንኑ አሳይተዋል። ካትስና ኤግለን በ2014 ያቀረቡት የመለኪያ ቁጥር ይሻላል። ከሀ ስፓይኮች ስንት እጁ ከለ አጠገብ ወደቀ የሚለውን ይወስድና የኒውሮን ለ «አጠገብ» ከጠቅላላው ጊዜ ስንቱን ይሸፍናል ከሚለው ጋር ያነጻጽራል፣ ከዚያ በተቃራኒው አድርጎ አማካዩን ያወጣል። ከኔጋቲቭ 1 እስከ ፖዘቲቭ 1 ነው። ኤለፋንት ላይ አለ፣ አንድ መስመር ነው።

9. መቼ?

አንዳንዴ ሁለቱ ሁልጊዜ ሳይሆን በሆነ ቅጽበት ብቻ ነው የሚገጣጠሙት። በጠቅላላ ጊዜው ላይ ከቆጠራችሁ ይሟሟል። ሪየለ፣ ግሩን፣ ዲስማንና ኤርትሰን በ1997 ያወጡት ውጤት የዚህ ምሳሌ ነው፤ በዝንጀሮ የእንቅስቃሴ ኮርቴክስ ውስጥ እንስሳው ምልክት ይመጣል ብሎ በሚጠብቅበት ቅጽበት፣ ምልክቱ ባይመጣም እንኳ፣ ኒውሮኖች ፍጥነታቸው ሳይለወጥ መገጣጠማቸው ከሚጠበቀው ይበልጥ ነበር። ጩኸቱ አልበዛም፣ አሰላለፉ ነው የተለወጠው።

አሠራሩ የደረጃ 4 እና 6ን ሥራ በትንሽ መስኮት ላይ መድገም ነው። 100 ሚሊሰከንድ መስኮት ያዙ፣ በሁሉም ሙከራዎች ላይ ያለውን መገጣጠም በዚያ መስኮት ውስጥ ደምሩ፣ ከሚጠበቀው ጋር አወዳድሩ፣ መስኮቱን 5 ሚሊሰከንድ ገፋ አድርጋችሁ ድገሙት። የሚጠበቀውን ለእያንዳንዱ ሙከራ ለብቻ አስልታችሁ ደምሩ እንጂ በአማካይ ፍጥነት አታስሉ፤ ያለዚያ የዓመት በዓሉ ችግር ይመለሳል። ሙከራው ትንሽ ከሆነ ይህን ደረጃ ዝለሉት።

10. ከሁለት በላይ

ሦስት፣ አስር፣ መቶ ኒውሮን አብረው ሲሆኑስ? መቁጠር እዚህ ላይ ያበቃለታል። እያንዳንዱ ኒውሮን በአንድ ክፍል ውስጥ ጮኸ ወይም አልጮኸም ከሆነ 10 ኒውሮን 1024 ዓይነት አሰላለፍ አለው። 20 ከሚሊዮን ያልፋል። 40 ከትሪሊዮን። ሁሉንም አሰላለፍ የሚያሳይ ዳታ ማንም አይቀዳም።

ስለዚህ ሰዎች አቋራጭ ይፈልጋሉ። ሽናይድማን፣ ቤሪ፣ ሴጌቭና ቢያሌክ በ2006 በሬቲና ሕዋሶች ላይ የሠሩት የታወቀ ነው። የእያንዳንዱን ፍጥነትና የጥንዶቹን ኮሪሌሽን ብቻ ይዞ ሌላ ምንም የማይጨምር ሞዴል፣ ማክሲመም ኢንትሮፒ የሚባለው፣ አብዛኛውን የቡድኑን አሰላለፍ ይገልጸዋል። የጥንዶቹ ኮሪሌሽን አንድ በአንድ ሲታይ ደካማ ነው፣ ተደምሮ ግን የቡድኑን ጠባይ በጣም ይለውጠዋል። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አይታችሁ «ደካማ ነው» ብላችሁ የጣላችሁት ነገር ትልቅ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ለ10 ኒውሮን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ፤ ከ20 ካለፈ በኋላ ስሌቱ የራሱ ጣጣ አለው።

ቀላሉ መንገድ ፒሲኤ ነው፤ አብረው የሚለዋወጡ ኒውሮኖችን ለይቶ የሚያወጣ ዘዴ። ዳታውን በክፍል ቁጠሩ፣ የእያንዳንዱን ኒውሮን አማካይ ቀንሱና በስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ አካፍሉ፣ የኮሪሌሽን ማትሪክሱን ኤይገን ቫልዩ (አብሮ የመለዋወጡን ጥንካሬ የሚለኩ ቁጥሮች) አውጡ። ማንም ከማንም ካልተዋወቀ ኤይገን ቫልዩዎቹ ከአንድ ጣሪያ አያልፉም፤ ጣሪያውን ዩክሬን፣ ካርኪቭ የነበሩት ማርቼንኮና ፓስቱር አስልተውታል፣ የሚገርመው በዚያው በ1967። የኒውሮኖቹን ብዛት ለክፍሎቹ ብዛት አካፍሉ፣ ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ፣ አንድ ጨምሩ፣ ስኩዌር አድርጉት። 100 ኒውሮን፣ 20,000 ክፍል ከሆነ 1.15 ገደማ ነው። ከዚህ ያለፉት ኤይገን ቫልዩዎች ብዛት ስንት ቡድን እንዳለ ይጠቁማል። ግን ይጠቁማል ብቻ! ንቁ ሆኖ መቆየትና መተኛት እዚህም አንድ ግዙፍ ኤይገን ቫልዩ ይፈጥራል። ስለዚህ ሁሉንም ኒውሮን ለየብቻ ጂተር አድርጋችሁ ከዚያ የሚወጣውን ጣሪያ ተጠቀሙ፤ ከወረቀቱ ቀመር ይልቅ የሚታመነው እሱ ነው።

11. መጀመሪያ መሆን የነበረበት ደረጃ

መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ማንም መጀመሪያ ላይ ስለማያነበው ነው። እውነተኛውን ዳታ ከመንካታችሁ በፊት የውሸት ዳታ ፍጠሩ። ሁለት የማይተዋወቁ ኒውሮኖችን በዘፈቀደ አመንጩ፣ ግን ፍጥነታቸው አብሮ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ይበል፣ ልክ እንደ ደረጃ 4። ሙሉ ምርመራውን በላያቸው አስኪዱ። ይህን 1000 ጊዜ አድርጉት። በ0.05 መስፈርት 50 አካባቢ ብቻ ናቸው ማለፍ ያለባቸው። 200 ካለፉ ኮዳችሁ ወይም ዘዴያችሁ ይዋሻል፤ 5 ብቻ ካለፉም የሆነ ነገር ከልክ በላይ ጠብቋል።

ቀጥሎ እውነት ጨምሩበት። በሁለቱም ዝርዝር ላይ 30 የጋራ ስፓይክ በዘፈቀደ ሰዓት አስገቡ፣ እንደገና 1000 ጊዜ። ስንቱን አገኘ? 60 አድርጉት። 15 አድርጉት። የእናንተ ምርመራ ምን ያህል ትንሽ ነገር ማየት እንደሚችል የምታውቁት በዚህ ብቻ ነው፤ «ሲንክሮኒ የለም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ቢኖር ኖሮ ታዩት እንደነበር ማሳየት አለባችሁ።

ይህን ስሠራ ያወቅኩት አንድ ነገር አለ። ሁለቱም በሰከንድ 1 ስፓይክ ብቻ የሚለቁ ከሆኑ በ100 ሰከንድ ውስጥ በአጋጣሚ የሚጠበቀው መገጣጠም ግማሽ ነው። ግማሽ! ሁለት ብታገኙ ምን ትላላችሁ፣ ዜሮ ብታገኙስ? ምንም። እንዲህ ያሉትን ጥንዶች ከመጀመሪያው አውጧቸው፤ የምታወጡት በፍጥነታቸው እንጂ በውጤታቸው ስላልሆነ ማጭበርበር አይደለም፣ ደረጃ 7 ላይ ያለው 4950ም በዚያው ልክ ይቀንስላችኋል።